መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል ቴክኖሎጂን በአግባቡ መጠቀም፦ ለመምህራን የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

መስማት የተሳነው ልጅ አብዛኛውን ትምህርት የሚቀበለው በዓይኑ ነው። ዓይን ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ያያል። የሚሰማ ተማሪ ደብተሩ ላይ እየጻፈ መምህሩን ማዳመጥ ይችላል። መስማት የተሳነው ልጅ ግን ደብተሩን ሲያይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ያመልጠዋል፤ አስተርጓሚውን ሲያይ ሰሌዳው፣ ሰሌዳውን ሲያይ የመምህሩ ፊት ያመልጠዋል። ስለዚህ ወደ ክፍል የሚገባ ማንኛውም መሣሪያ፣ ማይክሮፎንም ሆነ ፕሮጀክተር ወይም ታብሌት፣ በአንድ ጥያቄ ይመዘናል፦ በዚህች ቅጽበት የልጁ ዓይን የት ነው? ውድ ዕቃ ተገዝቶ ልጁ ግን እንደ ቀድሞው ወደኋላ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ይህን ሳይጠይቁ በመጀመራቸው ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ቢጠብቁ ይመረጣል። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ገንዘብ የማይጠይቁ ወይም ጥቂት ብቻ የሚጠይቁ ናቸው፤ እነርሱ ሳይስተካከሉ የኋለኞቹ አይሠሩም።

1. መጀመሪያ ልጁን ይወቁ

መስማት የተሳናቸው ልጆች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ የመጀመሪያ ቋንቋው የምልክት ቋንቋ ነው፤ የመስሚያ መሣሪያ አያደርግም፣ አያስፈልገውምም። ሌላዋ በሁለቱም ጆሮዎቿ መሣሪያ አድርጋ ንግግር ትከታተላለች። ሦስተኛው ኮክለር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) ተተክሎለት ምልክትንም ንግግርንም ይጠቀማል። ለአንዱ የገዙት ለሌላው ምንም ላይጠቅም ስለሚችል፣ ከግዢ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ መረጃ ያዘጋጁ። በገጹ ላይ የሚከተሉት ይስፈሩ፦

- በቀላሉ የሚግባባበት ቋንቋ፣ ቤት ውስጥስ ከማን ጋር በምን እንደሚግባባ
- የሚጠቀምበት መሣሪያ ዓይነት፣ የትኛው ጆሮ ላይ እንደሆነ፣ የባትሪው ቁጥር
- የተሻለ የሚሰማበት ጆሮ
- በጽሑፍ የቀረበለትን ምን ያህል አንብቦ እንደሚረዳ
- መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠራው ሰው

የንባብ ደረጃውን ብዙዎች ይዘሉታል። የግርጌ ጽሑፍ፣ ማለትም ንግግሩን ስክሪን ላይ በጽሑፍ የሚያሳየው፣ የሚጠቅመው ማንበብ ለሚችል ልጅ ነው። የመጀመሪያ ክፍሎች ላይ ያለ፣ ፊደል ገና እየቆጠረ ያለ ልጅ ፊት ጽሑፍ ቢደረድሩ ትምህርቱ አልደረሰውም።

መስሚያ መሣሪያ እንደ መነጽር አይደለም። መነጽር ያደረገ ሰው አጥርቶ ያያል፤ መሣሪያ ያደረገ ልጅ ግን ድምፁ ይጎላለታል እንጂ ሁልጊዜ አይጠራለትም። «መሣሪያ አድርጓል፣ ይሰማል» ብሎ መተው ልጁን በጣም ይጎዳዋል። ማንኛውም መሣሪያ የምልክት ቋንቋን የሚተካ ሆኖ መታየትም የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው፣ በአንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ መማርን ማመቻቸትና የመስማት የተሳናቸውን ማኅበረሰብ የቋንቋ ማንነት ማበረታታት የመንግሥታት ግዴታ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል።

2. ክፍሉን ያስተካክሉ፦ ብርሃን፣ መቀመጫ፣ ጫጫታ

ብርሃን፦ ብርሃኑ ፊትዎ ላይ እንዲያርፍ እንጂ ከጀርባዎ እንዳይመጣ ያድርጉ። መስኮት ከኋላዎ ካለ ልጁ የሚያየው ጥቁር ጥላ ነው። ለማረጋገጥ ልጁ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ራስዎ ይቀመጡና አንድ ሰው እርስዎ በሚቆሙበት ቦታ ያቁሙ። የከንፈሩን እንቅስቃሴ በደንብ ካላዩ መጋረጃ ያድርጉ፤ ካልሆነም የሰሌዳውን ወይም የወንበሮቹን አቅጣጫ ይቀይሩ። አስተርጓሚው የሚቆምበትም ቦታ በዚሁ መንገድ ይፈተሽ።

መቀመጫ፦ የረድፍ አቀማመጥ ልጁን የክፍል ጓደኞቹን ጀርባ እንዲያይ ይፈርድበታል። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ያድርጓቸው፤ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ልጁን ሁለተኛው ረድፍ ዳር ላይ ያስቀምጡት። ከመጀመሪያው ረድፍ ይልቅ ሁለተኛው የሚሻለው የፊተኞቹ ሲመልሱ ምልክታቸውንና ፊታቸውን ስለሚያይ፣ አንገቱንም ወደ ላይ አንጋጥጦ ስለማይውል ነው። የተሻለ የሚሰማበት ጆሮ ወደ ክፍሉ መሐል ይዙር።

ከንፈር ማንበብን በተመለከተ ከልክ በላይ አይተማመኑበት። መ፣ በ እና ፐ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ «መራ» እና «በራ» አይለዩም። ከጉሮሮ የሚወጡት ደግሞ ጭራሽ አይታዩም፦ «ቀበረ»፣ «ከበረ» እና «ገበረ» ለከንፈር አንባቢ አንድ ቃል ናቸው። ልጁ የሚለያቸው ከዐውዱ ነው፤ ዐውዱ ካልተሰጠው ይገምታል። ግምት ደግሞ ያደክማል፤ ከሰዓት በኋላ ትኩረቱ የሚላላው ሰንፎ ሳይሆን ደክሞት ነው።

ጫጫታ፦ ይህ መሣሪያ ለሚጠቀሙ ልጆች ወሳኝ ነው። መሣሪያው የእርስዎን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የወንበር ጩኸቱንም፣ የበሩንም፣ የማሚቶውንም ያጎላል። የአሜሪካ የመማሪያ ክፍሎች የድምፅ ደረጃ ከ283 ሜትር ኩብ ለማይበልጥ ክፍል የሚጠይቀው ተማሪ በሌለበት ሰዓት ጫጫታው ከ35 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ ድምፁ እያስተጋባ የሚቆይበት ጊዜም ከ0.6 ሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ይህን ለመለካት ትክክለኛ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የስልክ አፕሊኬሽን የሚሰጠው ግምት ነው። ሆኖም ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ በኃይል ያጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ሲያስተጋባ ከሰሙት ክፍሉ ችግር አለበት።

መፍትሔው፦ ወለል ላይ ምንጣፍ ወይም የጎማ ንጣፍ፣ መስኮት ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ የኋላ ግድግዳ ላይ በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በወንበር እግሮች ሥር ጎማ ወይም የተሰነጠቀ የቴኒስ ኳስ። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ብዙ ቦታ ይመከራል፤ ድምፅ የመምጠጥ አቅሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ላይ ታች አይበሉበት። ልጁንም ከፕሮጀክተሩና ከአየር ማራገቢያው ያርቁት።

3. የጠዋት ፍተሻ፦ አምስት ደቂቃ

መሣሪያ የሚያደርግ ልጅ ካለ ትምህርት ሳይጀመር በየቀኑ መፈተሽ አለበት። ትንንሽ ልጆች መሣሪያቸው መሞቱን አይናገሩም፤ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ በዓይን፦ ቱቦው ተሰንጥቋል? ውስጡ የውሃ ጠብታ ይታያል? የጆሮ ሞልዱ (በልጁ ጆሮ ልክ ተሠርቶ ጆሮው ውስጥ የሚገባው ክፍል) ቀዳዳ በኩክ ተደፍኗል? ኩክ በደረቅ ጨርቅና ለዚሁ በተሠራ ትንሽ ብሩሽ ይወጣል። ሞልዱ ከመሣሪያው ሳይነቀል በውሃ አይታጠብም።

ቀጥሎ ባትሪ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚጠቀሙት ዚንክ-ኤር የሚባለውን ባትሪ ሲሆን ቁጥሩ በማሸጊያው ቀለም ይለያል፦ 10 ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። ይህ ባትሪ የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ተለጣፊው ከተነሣ በኋላ ከ1 እስከ 5 ደቂቃ አየር ላይ አቆይተው ያስገቡት፤ ወዲያው ካስገቡት ዕድሜው ያጥራል። አንዴ የተነሣውን ተለጣፊ መልሶ መለጠፍም አያድነውም። ላብ እንዳይገባ ተብሎ የባትሪው ቤት በፕላስተር የታሸገ እንደሆነ ደግሞ ባትሪው አየር አጥቶ ይሞታል፤ «አዲስ ባትሪ ነው፣ ግን አይሠራም» ሲባል ይህንንም ይፈትሹ። አሮጌውን ባትሪ ወዲያው ሰብስበው ልጆች በማይደርሱበት ቆልፉበት፤ የተዋጠ ክብ ባትሪ የጉሮሮን ቱቦ በሰዓታት ውስጥ ሊያቃጥል ስለሚችል ልጁ ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ከዚያ የማዳመጥ ፈተና። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ተመራማሪ የነበረው ዳንኤል ሊንግ ያስተዋወቃቸው ስድስት ድምፆች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው የንግግር ድምፅ ያለውን ክልል ይሸፍናሉ፤ በአማርኛም እንዳሉ ይሠራሉ፦ ም፣ ኡ፣ አ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ።

ሀ. ከልጁ ጎን ወይም ከኋላው አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ፤ ከንፈርዎን እንዳያይ። አፍዎን በወረቀት አይሸፍኑ፤ ወረቀት ድምፁን ይቀይረዋል።
ለ. ድምፆቹን በተለመደ የንግግር ድምፅ፣ ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየሩ፣ በመካከሉም ዝም እያሉ ይጥሩ። ዝምታው ከሌለ ልጁ በየጊዜው ገምቶ ይመልሳል።
ሐ. ልጁ የሰማውን ይድገም ወይም ሥዕል ይጠቁም።
መ. ውጤቱን በቀኑ ላይ ምልክት ያድርጉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት መነሻዎ ነው። ከመነሻው «ስ»ን የማይሰማ ልጅ ዛሬም ባይሰማ ብልሽት አይደለም። ትናንት የሰማውን «ስ» እና «ሽ» ዛሬ ካጣ ግን ቱቦው ውስጥ እርጥበት ገብቷል፣ ኩክ ደፍኗል ወይም ባትሪው ደክሟል። ሁሉንም ካጣ መሣሪያው ጠፍቷል ወይም ሞቷል። መሣሪያውን ቀይረውም ያው ከሆነ ጆሮው ራሱ ስለታመመ ሊሆን ስለሚችል ለቤተሰቡ በዕለቱ ይንገሩ።

መሣሪያው የሚያፏጭ ከሆነ ሞልዱ በደንብ አልገባም፣ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ልጁ አድጎ ሞልዱ ጠቦታል። የድምፁን መጠን ቀንሶ ፉጨቱን ማስቆም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ልጁን ከትምህርቱ ያርቀዋል። አውጥተው እንደገና ያስገቡት፤ ካልቆመ አዲስ ሞልድ ያስፈልገዋል።

ይህ ፈተና መሣሪያ ለማይጠቀም፣ በምልክት ቋንቋ ለሚማር ልጅ አይደረግም። እርሱን ለማይሰማው ድምፅ በየጠዋቱ ማቆም ማዋረድ ነው።

4. ገመድ አልባ ማይክሮፎን

ንግግር ለሚከታተሉ ልጆች ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው መሣሪያ ይህ ነው። ምክንያቱ ርቀት ነው፦ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከአፍዎ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ከ1 ሜትር ወደ 4 ሜትር ሲርቁ 12 ዲሲቤል ጠፋ ማለት ነው፤ የክፍሉ ጫጫታ ግን አልቀነሰም። መስማት የሚያዳግተው ልጅ ንግግርን በደንብ ለመለየት የመምህሩ ድምፅ ከጫጫታው በ15 ዲሲቤል ያህል በልጦ ሊደርሰው ይገባል። ጮሆ መናገር ይህን አያመጣም፤ ጩኸት አናባቢውን ያጎላል እንጂ «ስ»ንና «ፍ»ን አያጠራም፣ የከንፈርንም ቅርጽ ያበላሻል። ማይክሮፎኑ ደረትዎ ላይ ሆኖ ድምፁን በቀጥታ ወደ ልጁ መሣሪያ ሲልክ ግን የትም ቢቆሙ ልጁ አጠገብ የቆሙ ያህል ይሆናል።

አጠቃቀሙ፦

ማይክሮፎኑን ከአገጭዎ በታች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ አንድ ጎን ሳይሆን መሐል ላይ ያድርጉት። ሻርፕ፣ ሐብል፣ የመታወቂያ ማንጠልጠያ እየተንኳኳ ልጁ ጆሮ ውስጥ ነጎድጓድ ይፈጥራል፤ ያውልቁት። ማይክሮፎኑ አቅጣጫ ያለው ከሆነ ጫፉ ወደ አፍ ይዙር።

በየጠዋቱ ከልጁ መቀበያ ጋር መገናኘቱን ያረጋግጡ። አንድ ሰው ማይክሮፎኑን ይዞ ከክፍሉ በር ውጭ ቀለል ያለ ትእዛዝ ይናገር፣ «እርሳስህን አንሣ» ዓይነት፤ ልጁ ሳያየው ከፈጸመ ግንኙነቱ ሠርቷል።

ለሌላ ተማሪ ለብቻው ሲናገሩ፣ ከባልደረባ ጋር ሲያወሩ፣ ከክፍል ሲወጡ ድምፁን ይዝጉ። ካልዘጉት ልጁ የማይመለከተውን ሁሉ በጆሮው ይዞ ይውላል፤ ለእርስዎም ያሳፍራል። መልሰው መክፈትን መርሳት ደግሞ በተግባር ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ችግር ነው። ልጁ የሚጠቁምዎ የእጅ ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ምልክቱን ሲያሳይ ምስጋና እንጂ ቁጣ አይግጠመው።

ሌሎች ተማሪዎች ሲናገሩ ማይክሮፎኑን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፉ። ክፍሉ ትልቅ ሆኖ ካልተቻለ የተናገረውን ተማሪ ስም ጠርተው ሐሳቡን ይድገሙት። ስሙን ማስቀደም ልጁ ዓይኑን ወዴት እንደሚያዞር ያሳውቀዋል።

ቪዲዮ ሲያሳዩ ማይክሮፎኑን ስፒከር አጠገብ ከማንጠልጠል ይልቅ ከኮምፒውተሩ የድምፅ መውጫ በገመድ ያገናኙት።

በኤፍኤም ሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩ አሮጌ የማይክሮፎን ሲስተሞች ባሉበት ትምህርት ቤት አጎራባች ክፍሎች አንድ ቻናል ላይ ከሆኑ ልጁ የጎረቤቱን ክፍል ትምህርት ይሰማል። የቻናሎቹን ዝርዝር አንድ ሰው ይያዘው። ዲጂታሎቹ ማይክሮፎኑንና መቀበያውን በማጣመር ስለሚሠሩ ይህ ችግር የለባቸውም።

ይህን መግዛት ካልተቻለ፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ መስሚያ ያለው ልጅ ስልኩን እንደ ማይክሮፎን ሊጠቀምበት ይችላል፤ በአይፎን ላይ ላይቭ ሊስን የሚባለው አማራጭ ይህን ያደርጋል። ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ትንሽ የሚዘገይ ከሆነ ግን ከንፈር ለሚያነብ ልጅ ያምታታል፤ ልጁን ጠይቀው ይወስኑ። ትልቅ የግድግዳ ስፒከር መትከል ግን ምትክ አይሆንም፤ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ማሚቶውን ያበዛዋል።

5. ሰሌዳና ፕሮጀክተር

ሰሌዳ ላይ እየጻፉ መናገር ክልክል ነው ብለው ይያዙት። ጀርባዎን ሲሰጡ ለከንፈር አንባቢው ትምህርቱ ተቋረጠ፤ የምልክት ተጠቃሚውም ሰሌዳውንና አስተርጓሚውን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ይጻፉ፣ ይዙሩ፣ ልጁ አንብቦ ዓይኑን እስኪያነሣ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይናገሩ። ይህ በየጊዜው ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይወስዳል። ብዙ መምህራን ሰዓት የሚያልቅባቸው ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የሚሰሙት ተማሪዎችም ማስታወሻቸውን የሚይዙት በዚያች ፋታ ነው።

የሰነድ ካሜራ እዚህ ላይ ከብዙ ውድ ዕቃዎች ይበልጣል። ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አድርገው ሲጽፉ ፊትዎ ወደ ተማሪዎች ነው፣ ጽሑፉም ከኋላዎ ግድግዳ ላይ ይታያል። ከሌለ ስልክ በመደገፊያ ወደ ታች አቅንተው በገመድ ከፕሮጀክተሩ ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ፕሮጀክተር ሲጠቀሙ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ አያጨልሙ። ከጨለመ እርስዎም አስተርጓሚውም ጠፋችሁ። ከስክሪኑ አጠገብ ያለውን መጋረጃ ብቻ ዝጉ፤ አስተርጓሚው ላይ የሚያርፍ አነስተኛ መብራት ያድርጉ፣ ጨረሩ ግን ወደ ልጁ ዓይን አይምጣ። አስተርጓሚው ከስክሪኑ ጋር ተጠግቶ ይቁም፤ የልጁ ዓይን የሚጓዘው ርቀት ባጠረ ቁጥር የሚያመልጠው ይቀንሳል። ስላይዶቹንና አዳዲሶቹን ቃላት ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ለአስተርጓሚው ይስጡ፤ «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ አስተርጓሚ በጣት ፊደል (እያንዳንዱን ፊደል በእጅ ምልክት በማሳየት) ከመቁጠር በስተቀር ምርጫ የለውም።

6. የግርጌ ጽሑፍ

ንግግርን ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ አፕሊኬሽኖች አማርኛንም የሚያውቁ አሉ። ስህተታቸው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ቁጥር፣ የሰው ስምና የሳይንስ ቃል ያበላሻሉ፣ በአማርኛ ንግግር መሐል የገባ የውጭ ቃል ሲያጋጥማቸውም ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ያዛቡታል። ስለዚህ ቁልፍ ቃላቱን አስቀድመው ሰሌዳ ላይ ይጻፏቸው፤ ልጁ ጽሑፉ ሲሳሳት ከሰሌዳው ያርመዋል። ማይክሮፎኑ አፍዎ አጠገብ ይሁን፤ ስልክን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እየተዘዋወሩ መናገር ዋጋ የለውም። ጽሑፉ ከንግግሩ ኋላ ስለሚመጣ፣ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ጽሑፉ እስኪያልቅ ይጠብቁና እጅ ያስነሡ። ካልጠበቁ መስማት የተሳነው ልጅ አንድም ጊዜ ቀድሞ እጁን አያነሣም። ብዙዎቹ አፕሊኬሽኖች ድምፁን ወደ ኩባንያ ሰርቨር ስለሚልኩ የወላጆችና የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ይቅደም።

ለተዘጋጁ ቪዲዮዎች ግን ጽሑፉን ራስዎ ይሥሩ። የኤስአርቲ ፋይል፣ ማለትም የግርጌ ጽሑፉና የሚታይበት ሰዓት የሚሰፍርበት ፋይል፣ በማንኛውም ቀላል የጽሑፍ ፕሮግራም ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ተራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ጽሑፍ፣ ከዚያ ባዶ መስመር ነው፦

1
00:00:03,000 --> 00:00:06,500
ውሃ ሲፈላ
ወደ እንፋሎት ይለወጣል።

2
00:00:07,000 --> 00:00:10,000
እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ
ተመልሶ ውሃ ይሆናል።

ከሰከንድ በኋላ የሚመጣው ኮማ እንጂ ነጥብ አይደለም፤ ነጥብ ከሆነ አንዳንድ ማጫወቻዎች አያነቡትም። ሲያስቀምጡት ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ያድርጉ፤ ካላደረጉ ፊደሉ የጥያቄ ምልክትና ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ማጫወቻው የግእዝ ፊደል ያለው ፎንት አልተመረጠለትም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ይምረጡለት። የጽሑፉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ ከሆነና በአንድ ፎልደር ውስጥ ካሉ፣ ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ጽሑፉን ራሱ ፈልጎ ያሳያል።

በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር፣ በመስመርም ከአምስትና ስድስት ቃል አይበልጥ። አጭር ሐረግ ቢያንስ 2 ሰከንድ፣ ሙሉ ሁለት መስመር 5 ወይም 6 ሰከንድ ይቆይ፤ ለታናናሾች ከዚህም ይጨምሩ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ሲከፍሉ ይጠንቀቁ። ግሱ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ ከተገፋ፣ ልጁ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ሥዕሉ ያልፋል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ካጋጠመዎ ቆርጠው ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያድርጉት። ትርጉም ያለው ድምፅም ይጻፍ፦ [በር ተንኳኳ]፣ [ተማሪዎች ሳቁ]። ተናጋሪው የማይታይ ከሆነ ስሙ ይቅደም።

ቪዲዮው እየተጫወተ በላዩ ላይ አያብራሩ። ያቁሙት፣ ያብራሩ፣ ያስቀጥሉት።

7. የምልክት ቋንቋ ቪዲዮ በስልክ ማዘጋጀት

ለየትምህርቱ ቃላት አጫጭር የምልክት ቪዲዮዎች መሰብሰብ ለዓመታት የሚያገለግል ሀብት ነው። ቀረጻው ላይ የሚታየው ሰው የምልክት ቋንቋን ከልጅነቱ የሚጠቀም መስማት የተሳነው አዋቂ ቢሆን እጅግ ይመረጣል፤ ልጆቹም እንደ እነርሱ ያለ አዋቂ ሲያስተምር ማየታቸው ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ለአንድ ቃል የተስማሙበት ምልክት ከሌለ መምህሩ በራሱ አይፍጠር፤ የቋንቋው ባለቤቶች እስኪስማሙ ድረስ በጣት ፊደልና በማብራሪያ ይሠራ።

ስልኩን ወደ ጎን አጋድመው በመደገፊያ ላይ፣ በደረት ከፍታ ያቁሙት። ክፈፉ ከራስ በላይ ጥቂት ክፍተት ይዞ እስከ ወገብ ይውረድ፤ ክርኖች ሲዘረጉ ከክፈፉ እንዳይወጡ በሁለቱም ጎን ቦታ ይተው። ጀርባው ወጥ ቀለም ይሁን፤ ልብሱም ወጥ ሆኖ ከእጅ ቀለም ይለይ። ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ላለው ሰው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ጥሩ ነው፤ ደማቅ ነጭ ግን ካሜራው ፊቱን እንዲያጨልመው ያደርጋል። ቀለበትና የሚያብለጨልጭ ሰዓት ይውለቅ።

ጥራቱን 1080፣ ፍጥነቱን በሰከንድ 30 ምስል ያድርጉት፤ የጣት ፊደል የሚበዛበት ከሆነ 60 ይሻላል። እጆቹ ደብዝዘው ከወጡ ጥፋቱ የፍጥነቱ ላይሆን ይችላል፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ረዘም አድርጎ ስለሚያነሣ ነው። ከፊት ለፊት ብርሃን ይጨምሩ። ፊት በደንብ መታየት አለበት፤ በምልክት ቋንቋ ጥያቄን ከመግለጫ የሚለየው ብዙ ጊዜ ቅንድብና የፊት ገጽታ ነው።

በእያንዳንዱ ቪዲዮ ምልክቱ ሁለት ጊዜ ይታይ፣ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃል። ፋይሉን በቃሉና በክፍሉ ስም ይሰይሙት፤ ስልኩ በሰጠው ቁጥር የተከማቹ ቪዲዮዎችን ከወር በኋላ ማንም አያገኛቸውም። በቴሌግራም ሲያካፍሉ እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ተጨምቆ ጣቶቹ ይደበዝዛሉ። የኪውአር ኮድ መጽሐፍ ላይ መለጠፍ ጥሩ ነው፣ ኢንተርኔት ለሌለበት ግን ቪዲዮዎቹ በሜሞሪ ካርድ ታብሌቱ ላይ ይጫኑ።

አስተርጓሚውን በትምህርት ቪዲዮ ጥግ ላይ የሚያስገቡ ከሆነ ከስክሪኑ ከአንድ ስድስተኛ ባያንስ ይመረጣል፤ በትንሽ ታብሌት ላይ ደግሞ ከዚህም ይተልቅ። የግርጌ ጽሑፉ እጆቹን እንዳይሸፍን ያረጋግጡ። በኢንተርኔት በሚሰጥ ትምህርት ላይ አስተርጓሚው በልጁ ስክሪን ላይ ቋሚ ሆኖ ይያዝ፤ መስመሩ ሲደክም የሌሎች ካሜራ ይዘጋ እንጂ የአስተርጓሚው አይዘጋ። ሲቀረጽም አስተርጓሚው በቅጂው ውስጥ መግባቱን በአጭር ሙከራ ያረጋግጡ፤ ብዙ ፕሮግራሞች ተናጋሪውን ብቻ ይቀርጻሉ።

8. የቡድን ሥራ

ልጁ ከሁሉ በላይ የሚገለለው እዚህ ነው። ንግግሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ዓይኑን እስኪያዞር ሰውየው ጨርሷል። ቡድኑ ከአምስት አይብለጥ፣ ክብ ሆኖ ይቀመጥ፣ ቢቻል ጸጥ ያለ ጥግ ይሰጠው። ማይክሮፎኑን የያዘ ብቻ ይናገራል የሚል ደንብ ያውጡ። አንዳንድ ማይክሮፎኖች ጠረጴዛ ላይ ተኝተው ዙሪያውን የሚሰበስቡበት አማራጭ አላቸው፤ ጫጫታ ባለበት ግን ከእጅ ወደ እጅ ማሳለፉ ይሻላል። አንድ የጋራ ሰነድ ታብሌት ላይ ከፍተው ሁሉም ሐሳቡን ቢጽፍበት ልጁ በእኩል ይሳተፋል፤ ጸሐፊ ብቻ እንዳያደርጉት ግን ሚናው ይቀያየር። የሚሰሙት ልጆች በየቀኑ ጥቂት ምልክት ይማሩ። አስተርጓሚ በሌለበት እረፍት ሰዓት ለልጁ ጓደኛ የሚሆነው መሣሪያው አይደለምና።

9. ደወልና አደጋ

የደወል ድምፅ ብቻ በቂ አይደለም። በክፍል፣ በመጸዳጃ ቤትና በኮሪደር ብልጭ የሚል መብራት ይተከል፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይብራ፣ በሰከንድ ከሦስት ብልጭታ ግን አይብለጥ፣ የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ በሽታውን ሊያነሣሣ ይችላል። ለእሳት የሚበራው ለእረፍት ከሚበራው በቀለም ይለይ። መጸዳጃ ቤቱ እንዳይረሳ፤ ልጁ ብቻውን የሚሆነው እዚያ ነው።

10. መብራት ሲቋረጥና ነገሩ መሥራቱን ሲፈትሹ

የየዕለቱ ቁልፍ ቃላትና ሥዕሎች የታተሙበት አንድ ገጽ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ ቻርጅ የተደረገ መለዋወጫና ሁለት ባትሪም በመሳቢያ ውስጥ ይኑር። ማይክሮፎኑ በየማታው ቻርጅ እንዲደረግ በስም የተመደበ ሰው ይኑር፤ «ሁላችንም እናስታውሳለን» የተባለ ዕቃ ጠዋት ሞቶ ይገኛል።

ልጁን «ገባህ?» ብለው አይጠይቁት። መስማት የተሳናቸው ብዙ ልጆች ሌላው ሲነቀንቅ አይተው ራሳቸውን መነቅነቅ ይለምዳሉ። በምትኩ ያሳይ፣ ይሣል፣ በራሱ ምልክት ያስረዳ። በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ሌላ መምህር ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ዓይኑን ብቻ ይከታተል፦ ስንት ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማየት ተገደደ? ስንት ጊዜ ተናጋሪውን ፍለጋ ዞረ? ስንት ጊዜ ከጓደኛው ደብተር ገለበጠ? የተመዘገበው የትኛውን ደረጃ እንደገና ማስተካከል እንዳለብዎ ያሳያል።

ልጁ መሣሪያውን እያወለቀ ካስቸገረ አስገድደው ከማድረግዎ በፊት ምክንያቱን ይጠይቁት፦ ሞልዱ ያመዋል? ጩኸት ይበዛበታል? ልጆች ያሾፉበታል? የመጀመሪያውን የመስማት ባለሙያ ይፈታዋል፣ ሁለተኛውን የክፍሉ ማስተካከያ፣ ሦስተኛውን ግን እርስዎ በዚያው ቀን ይፍቱት። ምክንያቱን ሁሉ አይተውም መሣሪያው የማይጠቅመው ከሆነ፣ በቤተሰቡና በባለሙያው ምክር ይተውና ትምህርቱ በምልክት ቋንቋ በሙሉ ይሰጠው።